ከገና እስከ ጥምቀት፦ ልጆቹ ቤት ሲውሉ ሰሞኑን እንዴት እናሳልፈው?

ትምህርት ቤት ሲዘጋ የመጀመሪያው ቀን ደስታ ነው። ሁለተኛው ቀን ቴሌቪዥን ነው። በሦስተኛው ቀን ጠብ ይጀመራል፤ ሪሞቱን ማን ይያዝ፣ ሶፋው ላይ ማን ይጋደም፣ ስልኩን ማን ቀድሞ ይንካ። የእኔዎቹ ሦስት ናቸው። ትልቋ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ መሃለኛው ዘጠኝ፣ ትንሹ ስድስት ሊሞላው ነው። የምንኖረው አምስት ኪሎ ነው።

አንድ ዓመት ሁሉንም በአንድ ቀን ላድርግ ብዬ ተነሳሁ። ጠዋት ገበያ፣ ቀትር ላይ መዝናኛ ቦታ፣ ማታ ዘመድ ቤት። መዝናኛው በር ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ተሰለፍን። ስንገባ ትንሹ ደክሞት ትከሻዬ ላይ ተኝቷል። ዘመድ ቤት ስንደርስ ሦስቱም አኩርፈዋል፣ እኔም ፊቴ ጠቁሯል። ያን ማታ ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን ተማከርን። ከዚያ ጀምሮ ሁለት ነገር ይዘናል። በቀን አንድ ጉዳይ ብቻ ይሠራል። ልጆቹም እንግዳ ሆነው አይቀመጡም፤ ሥራው ውስጥ እጃቸው ይገባል። ከታች ያለው ሁሉ ከእነዚህ ሁለቱ የመጣ ነው።

የእናንተ ልጆች ትምህርት ቤት በገና ሰሞን ካልዘጋ ለሴሚስተር እረፍትም ይሠራል። ቀኖቹን ብቻ ቀይሩ።

አንድ፦ ካሌንደሩን ግድግዳ ላይ ስቀሉ

አንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ቀኖቹን በሠንጠረዥ አስምሩ። መጀመሪያ የማይነኩትን ሙሉ። ገና ታኅሣሥ 29 ነው፤ ጳጉሜን ስድስት ሆና ባለፈችበት ዓመት ግን 28 ላይ ይውላል። ከተራ ጥር 10፣ ጥምቀት ጥር 11፣ ቃና ዘገሊላ ጥር 12።

ቀጥሎ ጾሙን ምልክት አድርጉ። ብዙ እናቶች ይህን ረስተው ይቸገራሉ። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ነው። ስለዚህ ከገና በፊት የምትጋግሩት ሁሉ እንቁላልም፣ ወተትም፣ ቅቤም የሌለበት መሆን አለበት። ከገና በኋላም ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ፤ የጥምቀት ዋዜማ ደግሞ ገሃድ ነው። ገና ራሱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ከዋለ ግን ይፈሰካል። እንግዳ የምትጠሩበትን ቀን በዚህ ለኩት። ዶሮ ሠርታችሁ በዓርብ ቀን ጾመኛ ወዳጅ ብትጠሩ ሁላችሁም ታፍራላችሁ።

የቀሩትን ባዶ ቀኖች ለልጆቹ ስጧቸው። እኛ ሦስት ከለር እንጠቀማለን፤ ቀይ መውጫ፣ አረንጓዴ መጋገሪያ፣ ሰማያዊ የጓደኛ ቀን ነው። እያንዳንዱ ልጅ ሁለት ቀን ይመርጣል። ሕጉ አንድ ነው፦ ሁለት ቀይ ቀን ተከታትሎ አይመጣም። ከወጡ በማግስቱ ቤት ነው። ትንሹ መጻፍ ስለማይችል ይስላል። ባለፈው ዓመት አንዱን ሳጥን ሙሉ አንበሳ ሥሎበት ነበር፤ አንድነት ፓርክ ማለቱ ነው።

ሁለት፦ ገንዘቡን በፖስታ ክፈሉ

በዓል ብር ይበላል። ለበዓሉ ምግብ፣ ለመውጫ፣ ለስጦታና ለመጠየቂያ ብላችሁ ሦስት ፖስታ አድርጉ። የመውጫውን ፖስታ ለትልቁ ልጅ ስጡ። ትልቋ ገንዘቡን ከያዘች ወዲህ «አይስክሬም ግዙልን» የሚባለው ጥያቄ ወደ እኔ መምጣቱ ቀርቷል። እሷ ቆጥራ፣ አስባ፣ «ዛሬ ከገዛን ነገ ታክሲ የለንም» ትላቸዋለች። እኔ ብለው የማይሰሙትን ከእሷ ይሰማሉ። በቴሌብር የሚከፈል ካለ ያንኑ ያህል ከፖስታው አውጥታችሁ መልሱ፤ አለበለዚያ ሒሳቡ ይጠፋል።

ሦስት፦ ድፎ ዳቦ

እዚህ ላይ ዘለግ አድርጌ ልጻፍ። በዓሉን በዓል የሚያደርገው ይህ ነው ብዬ ስለማምን ነው። ጥሩ ዳቦ ከዳቦ ቤት ይገዛል፣ ኬክም ይታዘዛል። ግን ኮባ ሲቃጠል የሚሸተው ሽታ ካልሸተተ የእኔ ልጆች ገና መምጣቱን አያምኑም።

ለአሥር ወይም ለአሥራ ሁለት ሰው የሚበቃው ይህ ነው፦

2 ኪሎ የፉርኖ ዱቄት
1.3 ሊትር ገደማ ለብ ያለ ውሃ
2 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ
2 የሾርባ ማንኪያ ጨው
3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር
1 የቡና ስኒ ዘይት
1 የሾርባ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ነጭ አዝሙድ፣ 1 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማ
3 ወይም 4 ሰፋፊ የኮባ ቅጠል

ሁሉም የጾም ነው። በዋዜማው ጋግራችሁ ጾመኛውም መቅመስ ይችላል።

ኮባውን ከበዓሉ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ ግዙ። ሾላም መርካቶም በዓል ሲቃረብ ይደረደራል። ዋዜማ ላይ ግን የቀረው የተቀዳደደው ነው። ስትገዙ ዘርግታችሁ እዩት። ቤት ስታመጡ ጥቅልል አድርጋችሁ ጥላ ቦታ አስቀምጡት፤ ፍሪጅ ውስጥ ጨምቆ ማስገባት ይሰባብረዋል።

እርሾውን ከስኳሩና ከአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ጋር በጥብጡ። ለብ ያለ ማለት ሕፃን የሚታጠብበት ዓይነት ውሃ ነው። ከሞቀ እርሾውን ይገድለዋል። አሥር ደቂቃ ቆይቶ አረፋ ካላወጣ ያ እርሾ አርጅቷል፤ ሌላ ግዙ እንጂ ዱቄት አታበላሹበት።

ዱቄቱን፣ ጨዉንና ቅመሙን ሰፊ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ቀላቅሉ። እርሾውን ጨምሩ፣ የቀረውን ውሃ ቀስ በቀስ እያፈሰሳችሁ አቡኩ። የድፎ ሊጥ ከዳቦ ቤት ሊጥ ለስለስ ይላል፤ እጅ ላይ ትንሽ ይጣበቃል። ያኔ ዱቄት መጨመር ያምራችኋል፤ አትጨምሩ። ዘይቱን በመጨረሻ እየነካካችሁ እሹት፤ መጣበቁን ያቆማል። አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል መታሸት አለበት። እኛ ቤት ልጆቹ በተራ ነው፤ እያንዳንዱ አንድ መቶ እስኪቆጥር ያሻል። ትንሹ ሃምሳ ላይ ሲደርስ ወደ አሥር ይመለሳል። ማንም አያርመውም። ሊጡ ይታሻል፣ እሱም ደስ ይለዋል።

አሁን ማስኮፋት ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሊጥ ቆላ ካለው ከተማ ይልቅ ቶሎ ይነሳል። በሌላ በኩል የታኅሣሥ ብርድ ያዘገየዋል። ስለዚህ ሰዓት አትዩ፤ ሊጡን እዩ። ጣታችሁን ዱቄት ነክታችሁ ጫን አድርጉ። ጉድጓዱ ወዲያው ከሞላ ገና ነው። ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደርሷል። ጭራሽ ካልተመለሰ አልፎበታል፤ መልሳችሁ ትንሽ አሽታችሁ እንደገና ይኩፋ። ይህን የጣት ፈተና ለልጅ ስጡት። መሃለኛው በየአሥር ደቂቃው እየሄደ ስለሚጫን የኛ ሊጥ ሁልጊዜ ፊቱ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው። ለዳቦው ምንም አይሆን።

ሊጡ እየኮፋ ሳለ ኮባውን አዘጋጁ። በእርጥብ ጨርቅ ሁለቱንም ፊት ጥረጉ። መሃል ያለውን ወፍራም አጥንት በቢላ ላጥ አድርጋችሁ አሳሱት። ከዚያ በጋለ ምጣድ ላይ ወይም ከእሳት ከፍ አድርጋችሁ አሳልፉት። ዓይናችሁ እያየ ቀለሙ ይለወጣል፤ ፈዛዛው አረንጓዴ ይደምቃል፣ ይወዛል፣ እንደ ጨርቅ ይተጣጠፋል። ይህን ካላደረጋችሁ ስታጥፉት ቷ ብሎ ይሰነጠቃል፣ ሊጡም ያፈሳል።

ጠለቅ ያለ መጋገሪያ ትሪ ወይም ሰፊ ድስት ውስጥ ኮባውን አነባብራችሁ አንጥፉ፤ ጫፉ ወደ ውጭ ይትረፍ። ሊጡን ገልብጡበት። እጃችሁን በውሃ ነክራችሁ ፊቱን አስተካክሉ። ግማሽ ሰዓት ያህል አሳርፉትና የተረፈውን ጫፍ አጥፋችሁ፣ ላዩን በሌላ ኮባ ሸፍኑ። ይህ የትንሹ ሥራ ነው። አልጋ ሲያለብስ እንደሚያየን አድርጎ፣ ጥጉን ሁሉ በጣቱ እየጠቀጠቀ ያለብሰዋል። «ተኛ» ይለዋል ሊጡን።

ኦቭን ያለው በ180 ዲግሪ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ከሩብ ያቆየው። በኤሌክትሪክ ምጣድ ከሆነ ምጣዱ አስቀድሞ ይጋል፣ ትሪው ላዩ ይቀመጥ፣ በአክንባሎ ይከደን። ከአርባ ደቂቃ በኋላ በሌላ ትሪ ገልብጣችሁ ለግማሽ ሰዓት ሌላውን ፊት አብስሉ። መገልበጡ የትልቅ ሰው ሥራ ነው፤ ልጆቹን ከኩሽና አስወጡ። መብሰሉን ለማወቅ ቀጭን ስንደዶ ወይም ቢላ መሃሉ ላይ ሰክታችሁ አውጡ። ሊጥ ይዞ ካልወጣ በስሏል። ከሥሩ አንኳኩት ደግሞ፤ የበሰለ ድፎ እንደ ከበሮ ድም ይላል።

ሲወጣ ወዲያው አትቁረጡት። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ሰፌድ ላይ አሳርፉት። ትኩሱን የቆረጠ ሰው ውስጡን ሊጥ ያደርገዋል።

ስለ መብራት አንድ ነገር ልበል። ዋዜማ ማታ ከተማው ሁሉ ምጣድ ይሰካል፤ መብራት ይዋዥቃል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። አንድ ዓመት ሊጡ ኩፍ ብሎ ምጣዱ ሳይግል መብራት ሄደ። ሁለት ሰዓት ጠበቅን፤ አልመጣም። ጎረቤታችን እትዬ፣ «ምን ያስለቅስሻል፣ ዳቦ ቤት ውሰጂው» አሉኝ። ትሪውን በነጠላ ሸፍነን፣ እኔ በአንድ በኩል ትልቋ በሌላ በኩል ይዘን ቁልቁል ወረድን። ዳቦ ቤቱ ከእኛ በፊት አምስት ትሪ ተቀብሏል። ትንሽ ብር ከፍለን ጋገሩልን። አሁን በዋዜማው ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ተነስቼ አቦካለሁ፤ እስከ ስድስት ሰዓት ይጠናቀቃል።

የሚቆርሰው የቤቱ ትልቅ ሰው ነው። እኛ ቤት አባቴ ናቸው። ልጆቹ ዙሪያቸውን ይቆማሉ። አባባ በቢላው ፊቱ ላይ መስቀል ያሰምራሉ፣ «ከዓመት ዓመት ያድርሳችሁ፣ እደጉ» ይላሉ፣ ሦስቱም «አሜን» ይላሉ። የመጀመሪያው ቁራሽ ላቦካው ልጅ ይሰጣል። ከዚያ ልጆቹ ለጎረቤት ያደርሳሉ። በር አንኳኩተው «እንኳን አደረሳችሁ» ማለቱን አስተምሯቸው። ባዶ ሳህን ይዘው እንደማይመለሱ ስለሚያውቁ ለዚህ ሥራ ይሽቀዳደማሉ።

አራት፦ ለቤት ቀን ዳቦ ቆሎ

ከወጣችሁ በማግስቱ ላለው የቤት ቀን ከዚህ የተሻለ አላውቅም። መቀስ መጠቀም የሚችል ልጅ ሁሉ ይሠራዋል። 4 ኩባያ ዱቄት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 1 የሻይ ማንኪያ በርበሬ፣ ግማሽ ኩባያ ዘይት፣ 1 ኩባያ ገደማ ውሃ። እርሾ የለውም። ጠንከር አድርጋችሁ አቡኩት፣ ሃያ ደቂቃ ይረፍ። ከዚያ እንደ እርሳስ የቀጠነ ገመድ እያደረጋችሁ አድቦልብሉት። ልጆቹ በመቀስ ሽምብራ ሽምብራ የሚያህል እየቆረጡ ትሪ ላይ ያራግፉ።

በብረት ምጣድ በመጠነኛ እሳት እያመሳችሁ ቁሉት። ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። የምትቸኩሉ ከሆነ ላዩ ይጠቁርና ውስጡ ሊጥ ይቀራል። ሲቀዘቅዝ ጠንክሮ ቀጭ ካለ በቃው። ብልቃጥ ውስጥ ከድናችሁ ብታስቀምጡት ሳምንቱን ሙሉ ለመንገድ ስንቅ ይሆናል። ለዚህ ነው ከመውጫ ቀኖቹ አስቀድሜ የምሠራው።

ኬክ መጋገር ለሚወዱም አንድ ምክር አለኝ። የፈረንጅ አሠራር ስትከተሉ ቤኪንግ ፓውደሩን ሩብ ያህል ቀንሱ፣ ፈሳሹን ትንሽ ጨምሩ። በዚህ ከፍታ ኬክ ቶሎ ይነፋና መሃሉ ይሰምጣል። ብዙ ሰው ኦቭኑን ይረግማል፤ ጥፋቱ የቦታው ከፍታ ነው።

አምስት፦ መውጣት

በዚህ ወቅት ጠዋት ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ቀትር ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ አመሻሽ ላይ ብርዱ ይመለሳል። ሹራብ ደርቡላቸው፣ ኮፍያ ያዙ፣ ውሃ ያዙ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ውጡ፤ ሰልፉ ሳይረዝም ትገባላችሁ፣ ለምሳ ትመለሳላችሁ። በበዓሉ ዕለት ዝግ የሚሆን ቦታ ስለማይጠፋ በሌላ ቀን አድርጉት።

*ብሔራዊ ሙዚየም።* አምስት ኪሎ ስለሆነ ለእኛ በእግር ነው። ከልጆች ጋር ሁሉንም ልይ አትበሉ። ምድር ቤቱን ብቻ እዩ፤ ድንቅነሽ እዚያ ናት። በኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሀዳር ላይ ነው የተገኘችው፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። ለእይታ የተቀመጠው ቅጂ ነው፤ ዋናው አጽም ተጠብቆ ይቀመጣል። ይህን ለልጆች አስቀድማችሁ ንገሯቸው። መሃለኛው ደርሶ ሲያውቅ ተታለልኩ ብሎ አኩርፎ ነበር። በዲኪካ የተገኘችው ሰላምም አለች፤ እሷ በ3.3 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜዋ ገና ሕፃን ናት። ትንሹ ከድንቅነሽ ይልቅ እሷ ጋ ነው የሚቆመው። «እናቷስ?» ብሎ ጠይቆኝ መልስ አጣሁ።

ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ውስጥ አንድ ነገር አድርጉ። አንድ ሜትር ከአሥር ሳንቲ ሜትር የሆነ ክር ቁረጡ። የድንቅነሽ ቁመት ይህን ያህል ገደማ ነበር። ልጁ ክሩን በኪሱ ይዞ ይሂድ። እዚያ መስታወቱ ፊት ቆሞ ክሩን ከእግሩ ጀምሮ ሲዘረጋ ያኔ ነው የሚገባው። እኛ ያንን ቁመት የመኝታ ቤቱ በር መቃን ላይ በእርሳስ አስምረነዋል።

*ስድስት ኪሎ።* ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለው የኢትኖሎጂ ሙዚየም የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ንጉሡ በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ የሰጡት ነው። መኝታ ቤታቸውና መታጠቢያ ቤታቸው እንደነበረ አለ፤ ልጆች የንጉሥ መታጠቢያ ሲያዩ ይስቃሉ። ከሕንፃው ውጭ ጣሊያኖች የሠሩት ጠመዝማዛ ደረጃ አለ። እያንዳንዱ ደረጃ ፋሽስቶች ሥልጣን ላይ የቆዩበትን አንድ ዓመት ይቆጥራል። አናቱ ላይ አንበሳ ተቀምጦበታል። ደረጃውን ልጆቹ ይቁጠሩት፣ አንበሳው ለምን እዚያ እንደተቀመጠ ራሳቸው ይገምቱ። ትልቅ ልጅ ካላችሁ በር ላይ ወዳለው የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ውሰዱት። ለትንንሾቹ ግን ይቆይ።

*ከአራት ኪሎ ፒያሳ በእግር።* ይህኛው ገንዘብ አይፈልግም፣ እኔም ከሁሉ የምወደው ነው። የእግረኛ መንገዱ ከተሠራ ወዲህ ልጅ እጁን ለቅቆ መሄድ ይችላል። አሥር ሰዓት ላይ ከአራት ኪሎ ሐውልት ተነሱ፣ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ውረዱ፣ ዳገቱን ወደ ፒያሳ ውጡ። ምኒልክ አደባባይ ፈረሱ ላይ ካሉት ንጉሥ ፊት ቁሙ። ጣሊያን ሐውልቱን ነቅሎት እንደነበርና ከነጻነት በኋላ ተመልሶ እንደተተከለ ንገሯቸው። ከጎኑ ጊዮርጊስ ነው። የዓድዋ ድል መታሰቢያ ደግሞ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተከፈተ ስለሆነ ብዙ ልጆች አላዩትም። እሱን ለብቻው በሌላ ቀን ያዙት፤ ሰፊ ነው። ሲመሽ መብራቱ ይበራል፣ በታክሲ ትመለሳላችሁ።

*አንድነት ፓርክ።* ታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ነው፣ በ2012 ዓ.ም. የተከፈተ። ሙሉ ቀን ይፈልጋል። ፍተሻ ስላለ ቦርሳ አታብዙ። ጥቁር ጎፈር አንበሶቹን መጀመሪያ ካሳያችኋቸው ስለ ቤተ መንግሥቱ የምትነግሯቸውን አይሰሙም፤ አዳራሾቹን አስቀድሙ። የእኔዎቹ ሁለት ጊዜ አንበሳ አንበሳ እያሉ አሩጠውኛል።

ሲደክማችሁ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለላችሁ፤ አራት ኪሎ ነው፣ አይከፈልበትም፣ የልጆች ቦታም አለው። አንድ ጠዋት እዚያ ማሳለፍ እንደ እረፍት ይቆጠራል። እንጦጦ መውጣት ከፈለጋችሁ ወፍራም ሹራብ አትርሱ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውረዱ።

ስድስት፦ የጓደኛ ቀን

የልጆቹን ጓደኞች በአንድ ቀን ሰብስቡ። ለየብቻ ከመጡ ሳምንቱ በእንግዳ ያልቃል። ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ጓደኛ ይበቃል፤ ስድስት እንግዳና ሦስት የቤት ልጅ፣ ዘጠኝ ናቸው። ለወላጆቻቸው ራሳችሁ ደውሉ። ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ ግልጽ ንገሩ፤ «ከአራት እስከ ዘጠኝ» በሉ።

ምግቡን ሁሉም እንዲበላ አድርጋችሁ አስቡ። የመሃለኛው የቅርብ ጓደኛ ሙስሊም ነው። እናቱን ጠየቅኳት፣ አብረን ተስማማን። ሥጋ አላቀርብም። ሽሮ፣ አትክልት፣ ድፎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭማቂ። እሷ ደግሞ ሳምቡሳ ልካልን ነበር፤ ቀድሞ ያለቀው እሱ ነው። በትልልቆቹ ግብዣ ደግሞ እሷ ራሷ ያሳረደችውን ዶሮ በለየሁት ድስት ሠርቼላታለሁ። እናቴም እንዲሁ ታደርግ ነበር። ልጆቹ ይህን እያዩ ማደጋቸው ደስ ይለኛል።

ለጨዋታ ገና ራሱ በቂ ነው። ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ለእያንዳንዱ፣ አንድ ሩር፣ ሁለት ቡድን። ሩሩን ከጨርቅ ጠቅልላችሁ በገመድ አጥብቃችሁ እሰሩት፤ የእንጨቱ ሩር ለልጅ እግር አይሆንም። ዱላው ከጉልበት በላይ አይነሳ የሚል ሕግ አውጡ። አጨዋወቱን አባቴ ናቸው ያስተማሯቸው። በሩሩ ተመትተው ሁሉም ዞሮ ሲያያቸው «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብለው ሳቁ። የልጆቹ ቃል ሆኖ ቀረ፤ አሁን እኔ ስቆጣ ይሉኛል።

ቡናውን ልጆቹ ውጭ ሲጫወቱ አፍሉ። ወላጅ ሊወስድ ሲመጣ ቶሎ አይሄድም፤ ስኒ ጨምራችሁ ጠብቁ።

ሰባት፦ ከተራና ጥምቀት

ታቦታቱ ወደ ጃንሜዳ የሚያልፉበት ሰፈር ስለምንኖር ከበራችን ላይ ነው የሚጀምረው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ነውና ልብሱን ከሳምንት በፊት አስለኳቸው። አጥሮ ከተገኘ ሽሮ ሜዳ ለመሄድ ጊዜ ይኖራችኋል።

ሕዝቡ ብዙ ነው። በእያንዳንዱ ልጅ ኪስ ውስጥ ስልክ ቁጥራችሁን የያዘ ወረቀት ክተቱ። ድንገት ብንጠፋፋ የምንገናኘው እዚህ ነው ብላችሁ አንድ ቦታ አሳዩ፤ የሚንቀሳቀስ ነገር አይሁን። መኪና አትያዙ፣ መንገዶቹ ይዘጋሉ። ለትንንሽ ልጅ የከተራው ከሰዓት ይሻላል፤ ዝማሬውን፣ ጥላውን፣ ምንጣፉን እየሮጡ የሚያነጥፉትን ወጣቶች ያያል። የጥምቀት ጠዋት ጸበል ሲረጭ ግፊያ ስላለ ትንሹን በትከሻ ነው የምንይዘው። ቅያሪ ሹራብ በፌስታል ያዙ። ረጥቦ በዚያ ብርድ የቆመ ልጅ ትምህርት ቤት የሚከፈት ቀን ሲያስል ያድራል።

ስምንት፦ የመጨረሻው ማታ

ቃና ዘገሊላ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ባዶ ተዉ። ምንም አትጻፉበት። ዩኒፎርም ይታጠባል፣ ጫማ ይጠረጋል፣ የቀረው ድፎ ይቆራረስና በወተት ይበላል። ደርቆ ከሆነ ምጣድ ላይ ጣል አድርጉት፤ እንደ አዲስ ይለሰልሳል። ግድግዳው ላይ ያለውን ካሌንደር አውርዳችሁ አስቀምጡ። የእኛ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ልጆቹ አውጥተው ሲያዩ የማን ሥዕል የቱ ነው እያሉ ይሟገታሉ።

እኛ ያን ማታ በሩ መቃን ላይ ቁመት እንለካለን። መጽሐፍ አናታቸው ላይ አስደግፈን፣ በእርሳስ አስምረን፣ ዓመተ ምሕረቱን እንጽፋለን። ባለፈው ዓመት ትንሹ ከድንቅነሽ መስመር በታች ነበር፤ በእግሩ ጣት ቆሞ ለመድረስ ሲሞክር ያዝኩት። ዘንድሮ ተረከዙን መሬት ላይ አስነካሁት፣ መጽሐፉን አስተካከልኩ፣ አሰመርኩ። በሁለት ጣት በልጧታል።